በደረት መሀል አየር ሲገኝ፦ የቱን አስተኝቶ መጠበቅ፣ የቱን በሌሊት ሪፈር ማድረግ?

ጠቅላላ_ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። ለአዲስ ሐኪሞች፣ ለጤና መኮንኖችና ለድንገተኛ ክፍል ነርሶች የምትሆን የሁለት ገጽ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ርዕሷ ኒሞሚዲያስቲነም ነው፤ በሁለቱ ሳምባዎች መካከል፣ ልብ፣ ትላልቅ የደም ሥሮች፣ የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ባሉበት ክፍተት አየር ሲጠራቀም ማለት ነው።

የተለመደው አከፋፈል "ድንገተኛ፣ በአደጋ የመጣ፣ በሕክምና የመጣ" የሚል ነው። ለፈተና ይመቻል እንጂ ሌሊት ዱቲ ላይ ላለ ሰው ብዙም አይረዳም። አስም ተነሥቶበት አንገቱ ያበጠ የ19 ዓመት ልጅና ደጋግሞ ካስመለሰ በኋላ ደረቱን የወጋው የ50 ዓመት ሰው ሁለቱም "ድንገተኛ" ተብለው አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ። ልጁ ግን ማስታገሻ ወስዶ በማግስቱ ቤቱ የሚገባ ነው፤ ሰውየው እስከ ነገ ከቆየ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ አየሩ ከየት ከየት ሊመጣ እንደሚችል፣ ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል በእጅ ምርመራና በራጅ ምን ያህል መለየት እንደሚቻል፣ ቼስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ የሚገባ ማስወጫ ቱቦ) እና አንቲባዮቲክ ለማን እንደሚያስፈልግ፣ ሕፃናት ላይ ምን የተለየ ነገር እንዳለ የምታውቁ ብትጽፉልን። ከስያሜው ይልቅ አሠራሩ ነው የሚያስፈልገን።

የሳምባ_ዋርድ

ዶክተር፣ መመሪያውን አየሩ በወጣበት ቀዳዳ ቢከፍሉት ይሻላል። አየሩ ራሱ ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። የሚገድለው አየሩን ያስወጣው ቀዳዳ ነው።

በብዛት የምናየው ከሳምባ የአየር ከረጢቶች የሚመጣውን ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት በዙሪያው ካለው በድንገት ሲበልጥ፣ ከረጢቱ ከደም ሥሩ ጋር በተያያዘበት በኩል ይተረተራል። የወጣው አየር የደም ሥሩንና የብሮንካሱን (የሳምባው ውስጥ አየር ቧንቧ) ሽፋን እንደ ቦይ ይዞ ወደ ሳምባው ሥር፣ ከዚያም ወደ ደረት መሀል ይሄዳል፤ የደረት መሀል ግፊት ከሳምባው ዳርቻ ስለሚያንስ ወደዚያ ይሳባል። ማክሊንና ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1944 በዝርዝር ስለጻፉት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አየሩ ደረት መሀል ላይም አይቆምም። በአንገት ሽፋኖች መካከል ሽቅብ ወጥቶ ቆዳ ሥር ይገባል። ሐኪሙ አንገቱንና ከክላቪክሉ (ከአንገት ሥር ካለው አጥንት) በላይ ያለውን ቦታ በጣቶቹ ጫን ሲያደርግ እንደ ፌስታል ኮሽ ኮሽ የሚለው ይህ ነው። የሕመምተኛው ድምፅ ይቀየራል፣ በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል፣ ሲውጥ ያመዋል። ይህ እብጠት ቤተሰብን ቢያስደነግጥም ጥቅም አለው፤ አየሩ ወደ አንገት መውጫ ስላገኘ ልብንና የደም ሥሮችን አይጫንም።

ግፊቱን የሚያመጡት ትንፋሽን ይዞ ማማጥ፣ ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ የቆየ ሳል፣ አስም፣ ማስመለስ፣ ጭስ ስቦ ትንፋሽን አፍኖ መቆየት፣ ከጥልቅ ውሃ ትንፋሽን ይዞ በፍጥነት መውጣት ናቸው። የምጡን ሁኔታ አዋላጆች ይወቁት፤ ረጅም ግፊት ካለፈ በኋላ የእናቲቱ አንገትና ፊት ቢያብጥ የመድኃኒት አለርጂ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ። ሳምባው አስቀድሞ የታመመ ከሆነ ደግሞ በትንሽ ግፊትም ይቀደዳል፦ ኩፍኝ፣ ቲቢ፣ የሳምባ ጠባሳ፣ ከባድ ኮቪድ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ የኒሞሲስቲስ የሳምባ ምች። ግልጽ ምክንያት በሌለው አዋቂ ላይ የኤችአይቪ ምርመራ አይቅር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዲኬኤ ነው፤ በስኳር ሕመም ደሙ አሲድ የሚሆንበት አጣዳፊ ሁኔታ። ወጣት፣ ያስመለሰ፣ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ፣ አንገቱ ኮሽ የሚል ሰው ስታዩ ስኳሩንና የሽንት ኪቶኑን ሳትለኩ አትለፉ። ጥልቁ አተነፋፈስና ትውከቱ ተጋግዘው ከረጢቱን ቀደውት ይሆናል፤ ሳምባው ላይ ብቻ ስታፈጡ ዲኬኤው ያመልጣችኋል።

ምርመራው ላይ አንድ የቆየ ምልክት አለ። ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ ማዳመጫው በፍርንባው ግራ ጠርዝ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ሲያርፍ፣ ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር አንድ የሚፈጭ፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል። ሃማን እ.ኤ.አ. በ1939 የገለጸው ነው። ከልብ ምት ጋር ነው የሚሄደው፤ ትንፋሽ ሲያዝ አይጠፋም፤ ከፕሉራ (የሳምባው ሽፋን) ፍትጊያ የሚለየውም በዚህ ነው። ግን ሁለት ጥንቃቄ፦ ባይሰማም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በግራ በኩል ትንሽ ኒሞቶራክስ (በሳምባውና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር) ሲኖርም ሊሰማ ይችላል።

ምንጩ የአየር ከረጢት መሆኑ ከታመነበት ሕክምናው ቀላል ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት አስተኝቶ መከታተል፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ኦክስጅን። ኦክስጅኑ የሚሰጠው ትንፋሽ ለማገዝ ብቻ አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ስለሚቀንስ በደረት መሀል የታሰረው ናይትሮጅን ወደ ደም እየተሳበ ቶሎ ይመጠጣል። አስሙን በደንብ ማከም፣ ሳሉን ማስታገስ፣ ማስመለሱን ማቆም፣ የሆድ ድርቀት ካለ ማለስለሻ መስጠት። ፒክ ፍሎው ሜትርና ስፓይሮሜትሪ አሁን አይደረጉም፤ በኃይል እንዲተነፍስ ማዘዝ ቀዳዳውን እንደገና መክፈት ነው። በግፊት አየር የሚሰጡት ሲፓፕና ባይፓፕም እንዲሁ፣ ያለ እነርሱ መኖር ካልቻለ በስተቀር። አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። አብዛኛው ሰው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ በአውሮፕላን አይሄድም፣ ፊኛና ጥሩምባ አይነፋም፣ ከባድ አያነሣም። በመሣሪያ ወደ ውሃ መጥለቅን በተመለከተ ግን ቢድንም ያለ ልዩ ሐኪም ፈቃድ አይሞከርም።

ሌሎቹን በሮች የቀዶ ሐኪሞች ቢጽፉበት ይሻላል።

ራጅ_አንባቢ

ሲቲ ስካን ከሁሉም የበለጠ ያሳያል፤ ጥሩ ራጅ ግን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ስህተቱ የሚመጣው ከፊት የተነሣ አንድ ፊልም ብቻ ሲታይ ነው። ከጎን የሚነሣውን ጨምሩ፤ ከፊት የማይታይ አየር ከፍርንባው ጀርባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአንገት የጎን ፊልምም ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ጥቁር መስመር ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ።

ከፊት ፊልሙ ላይ በመጀመሪያ የልቡን ግራ ጠርዝ ተከተሉ። ከልቡ ጎን ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከጥቁሩ ውጭ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ካለ፣ ነጩ የተገፋ ፕሉራ ነው፤ አየር አለ። ጥቁሩ ብቻ ኖሮ ነጩ ክር ከሌለ ዓይናችን የፈጠረው የማክ መስመር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጤነኛ ሰው ኒሞሚዲያስቲነም አለበት የሚባለው በዚህ ነው። ጥቁሩ መስመር ወደ አንገት ሲቀጥል ካያችሁ ጥርጣሬው ያበቃል።

ቀጥሎ ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) እዩ። በተለመደው የግራና የቀኝ ድያፍራም መሀል ላይ በልብ ይሸፈናል። አየር በልብና በድያፍራም መካከል ከገባ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ሳይቋረጥ አንድ መስመር ሆኖ ይታያል። በጎን ፊልም ላይ የቀኙን የሳምባ ደም ሥር የከበበ ጥቁር ቀለበትም ይፈለጋል። በግራ በኩል ከልቡ ጀርባ፣ የአኦርታው ጠርዝና የግራው ድያፍራም በሚገናኙበት ጥግ አየሩ የ"ቪ" ቅርጽ ከሠራ ደግሞ የምግብ ቧንቧ መቀደድን አስቡ፤ ቅርጹ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም ጥያቄውን ያስነሣል።

ከልብ ከረጢት ውስጥ አየር ጋር እንዳይምታታ፦ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ከትላልቆቹ የደም ሥሮች መነሻ በላይ አይወጣም፣ ሕመምተኛው በጎኑ ሲተኛ ቦታውን ይለውጣል። የደረት መሀል አየር በሽፋኖች መካከል ስለተጣበቀ አይንቀሳቀስም።

የተኛ፣ ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ራጅ በጣም ያታልላል። ከቆዳ ሥር ያለው አየር በደረት ጡንቻ ክሮች መካከል ተሰራጭቶ ሳምባው ላይ ሰንበር ሲጥል ኒሞቶራክስም ሊደበቅ ይችላል። ያኔ አልትራሳውንድ ሞክሩ፤ ፕሮቡ ልብን ከፍርንባው ጎን ማየት ካልቻለ፣ ከፍርንባው ጫፍ በታች በኩል ግን ካየው፣ ከፊቱ አየር እንዳለ አስቡ።

ጠቅላላ_ሐኪም

እጅግ አመሰግናለሁ። ዋናው የቀረኝ ጥያቄ፦ ካስመለሰ በኋላ የመጣ ከሆነ ሁሉም ሰው እንደ ምግብ ቧንቧ ቀዳዳ ተቆጥሮ ይላክ? ዲኬኤውም፣ እርጉዟም ያስመልሳሉ። ሁሉን ብንልክ አምቡላንሱም አይበቃም።

የደረት_ቀዶ

ሁሉም አይላክም። ግን የማይላከው ተጠይቆና ተመርምሮ ነው እንጂ ደኅና ስለመሰለ አይደለም።

በማስመለስ የሚቀደደው የምግብ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በግራ ወደ ኋላ በኩል፣ ከጨጓራው መግቢያ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቦርሃቨ እ.ኤ.አ. በ1724 አንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ብዙ በልቶ ለማስመለስ ከሞከረ በኋላ የሞተበትን ሁኔታ ጽፏል፤ ስሙም ለበሽታው ቀረ። የሚያስፈራው አየሩ አይደለም። ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድና ምግብ ከአፍ ባክቴሪያ ጋር ደረት መሀል ገብተው ሥጋውን ያቃጥሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰውየው ቁጭ ብሎ ሊያወራ ይችላል። 24 ሰዓት ሲያልፍ የሚሰፋው ሥጋ ራሱ ይበሰብሳል፤ ያኔ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ጠይቁ። ሕመሙ ከማስመለሱ በፊት ነበር ወይስ በማስመለሱ መካከል "ቀደድ አደረገኝ" የሚል ድንገተኛ ውጋት መጣ? ማስመለስ፣ ወዲያው የመጣ የደረት ውጋት፣ ከዚያ የአንገት ኮሽታ በዚህ ተከታታይ ከመጡ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የተቀደደ የምግብ ቧንቧ ነው። ሦስቱ አብረው ያልተገኙበት ቀዳዳም ብዙ ስለሆነ የሚከተሉትንም ፈልጉ፦ ትኩሳት፣ ፈጣን የልብ ምት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የላይኛው ሆድ መጠንከር፣ በግራ በኩል በፕሉራ ውስጥ ፈሳሽ፣ ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ፣ በቅርቡ የተደረገ ኢንዶስኮፒ ወይም የጠበበ ቧንቧ ማስፋት። በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ ጠጥተው ቧንቧቸው ጠቦ በየጊዜው የሚሰፋላቸው ታማሚዎች በተለይ አደጋ ላይ ናቸው። ከማስፋቱ በኋላ ሕመም ያለው ሰው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ራጅ ይነሣ።

እርጉዟ ወይም የዲኬኤው ልጅ ከነዚህ አንዱም ከሌለባቸው፣ በግራ ፈሳሽ ካልታየ፣ ምራቃቸውን ያለ ሕመም ከዋጡ፣ እዚያው አስተኝቶ ትኩሳቱን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን በየ4 ሰዓቱ መለካትና ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ራጅ መድገም ይቻላል። አንዱ እንኳ ካለ ወይም በመሀል ከመጣ፣ የሚዋጥ ኮንትራስት (በራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ) ያስፈልጋል። መጀመሪያ በውሃ የሚሟሟው፤ እሱ ካላሳየና ጥርጣሬው ከቀጠለ ቀጭን ባሪየም። ባሪየም መጀመሪያ የማይሰጠው ቀዳዳ ካለ ደረት መሀል ገብቶ ስለሚያቆጣ ነው። በተቃራኒው ሲውጥ ወደ ሳምባ የሚሄድበት ሰው ላይ በውሃ የሚሟሟው ጋስትሮግራፊን ሳምባ ውስጥ ውሃ ያስሞላል፤ በዚያ ሁኔታ አይሰጥም።

ለሪፈር ስታዘጋጁ ምንም በአፍ የለም፣ ውሃም ቢሆን። ሁለት ሰፋፊ ካኑላ፣ ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን፤ ሽንት በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊ ሊትር እስኪመጣ። ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በደም ሥር፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፤ ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ካለ እሱ ይሻላል። ፓንቶፕራዞል 40 ሚሊ ግራም። የአፍንጫ ቱቦ በጭፍን አታስገቡ፤ በቀዳዳው ወጥቶ ደረት መሀል ያርፋል። በግራ ፈሳሽ ካለ ከ28 እስከ 32 ፍሬንች ቼስት ቲዩብ። የወጣው ፈሳሽ ጠቆር ያለ፣ የሚሸት ወይም የምግብ ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ ምርመራው አለቀ። አጠራጣሪ ከሆነ፣ ቱቦው ከገባ በኋላ ሕመምተኛው በውሃ የተቀጠነ ጥቂት ሜቲሊን ብሉ ይዋጥ፤ ጠርሙሱ ሰማያዊ ከሆነ ለተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድማችሁ ደውሉ።

ቼስት ቲዩብ ለኒሞሚዲያስቲነም ብቻ ብሎ ማስገባት ትርጉም የለውም። ቱቦው ፕሉራ ውስጥ ነው፤ አየሩ ደረት መሀል ነው፤ አይገናኙም። ቱቦ የሚገባው ኒሞቶራክስ ወይም ፈሳሽ ሲኖር ነው።

ሌላው በር የአየር ቧንቧ መቀደድ ነው። የመኪና መሪ ወይም የባጃጅ እጀታ ደረትን ሲመታ፣ ቀዳዳው በአብዛኛው ትራኪያው (ዋናው የአየር ቧንቧ) ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። መለያው፦ ቼስት ቲዩብ ገብቶ ጠርሙሱ ያለማቋረጥ ይፈላል፣ ሳምባው ግን አይነፋም። አንዳንዴም ሳምባው ከተንጠለጠለበት ወርዶ ድያፍራሙ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ለዚህ ሰው በኃይል ባግ ማድረግ (በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት) አየሩን ሁሉ በቀዳዳው መላክ ነው። በራሱ መተንፈስ ከቻለ በራሱ ይተንፍስ። የመተንፈሻ ቱቦ ግድ ከሆነ የቱቦው ከፍ (ጫፉ አጠገብ የሚነፋው ፊኛ) ከቀዳዳው በታች እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ይህ ደግሞ ብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧ ውስጥ ማያ መሣሪያ) ያለው እጅ ይፈልጋል።

የተወጠረ ኒሞሚዲያስቲነም ከስንት አንዴ ነው፤ ሲመጣ ግን በአብዛኛው ቬንቲሌተር ላይ ነው። የአንገት ደም ሥር ይነፋል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሙሉ ሰውነት ያብጣል። መጀመሪያ ኒሞቶራክስ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ እሱ ይበዛል። ከዚያ ማሽኑን ዝቅ አድርጉ፦ ታይዳል ቮሊዩም (በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር) በቁመት ለተሰላ ክብደት በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር፣ ፕላቶ (አየሩ ገብቶ ሲቆም ያለው ግፊት) ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ በታች፣ ፒፕ (ትንፋሽ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ግፊት) የሚቻለውን ያህል ዝቅ። ካልበቃ፣ ከሁለቱም ክላቪክሎች በታች ሁለት ጣት ያህል ወርዶ 3 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ፣ እስከ ደረት ጡንቻው ሽፋን ድረስ። አየሩ በእጅ ወደ ስንጥቁ ሲገፋ ፊትና አንገት ዓይናችሁ እያየ ይሟሽሻል።

ጥርስ_ክፍል

ከጥርስ ወንበርም እንደሚመጣ መመሪያው ላይ ይግባ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ በአየር በሚሽከረከር ድሪል ተሰንጥቆ ሲነቀል፣ ድሪሉ የሚያወጣው አየር ከድድ ሥር ገብቶ በአንገት በኩል ደረት መሀል ይደርሳል። ፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያብጥ ለማደንዘዣው አለርጂ ነው ተብሎ አድሬናሊን ይሰጣል። ጣት አሳርፉ፦ ኮሽ ካለ አየር ነው፤ አለርጂ ኮሽ አይልም። ሥራውን አቁሞ ራጅ ማስነሣት ነው። ከሳምባው ዓይነት በተለየ እዚህ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ አየሩ የአፍ ባክቴሪያ ይዞ ነውና የገባው።

የሕፃናት_ክፍል

ጨቅላ ላይ የታይመስ እጢ ትልቅ ስለሆነ አየሩ ከልብ ላይ ያነሣዋል፤ በራጅ ላይ እንደ ተነፋ የጀልባ ሸራ ወይም እንደ ሁለት ክንፍ ይታያል። መንስኤው በአብዛኛው ሜኮኒየም (የመጀመሪያ ሰገራውን) የሳበ ሕፃን፣ ያልጠነከረ ሳምባ፣ ወይም ሲወለድ በኃይል የተደረገ ባግ ነው። ባጉ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይጀምራል፤ ደረቱ በቀስታ ከፍ ማለቱን እያያችሁ እንጂ እጃችሁ እስከቻለ አትጭመቁ። በጠርሙስ ውሃ የሚሠራ ባብል ሲፓፕ ላይ ግፊቱ ማለት ቱቦው ውሃ ውስጥ የሰመጠበት ጥልቀት ነው። ቱቦው ተንሸራቶ ከ6 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ማንም ሳያውቅ ግፊቱ ወደ 10 ይወጣል፤ ስለዚህ በፕላስተር ይታሰር፣ በየፈረቃው በማስመሪያ ይለካ። አዋቂ ላይ አየሩን ለማስመጠጥ የሚሰጠው ብዙ ኦክስጅን ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን አይሆንም፤ ዓይኑን ይጎዳል።

ኩፍኝ ሲገባ አንገታቸው ያበጠ ሕፃናት ይመጣሉ። የቫይታሚን ኤ ነገር እንዳይረሳ፦ ከ6 ወር በታች 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከዚያ በላይ 200,000 ዩኒት፣ ዛሬና ነገ።

አስምም ኩፍኝም ትክትክም ሳይኖርበት አንገቱ ኮሽ የሚል የሁለት ዓመት ሕፃን ካጋጠማችሁ፣ እናቱን "ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ ድንገት ትን ብሎት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍሬው ብሮንካሱን ከፊል ሲዘጋ አየር ይገባል፣ አይወጣም፤ ከበስተጀርባው ያለው ሳምባ ተወጥሮ ይቀደዳል። በአንድ ጎን ብቻ ሲር የሚል ድምፅ፣ ትንፋሽ ሲያወጣ በተነሣ ራጅ ላይ አንዱ ሳምባ ሳይኮማተር መቅረት ይደግፉታል። ኦቾሎኒ ራሱ ግን በራጅ አይታይም፤ ትን ያለበት ታሪክ ካለ ራጁ ደኅና ቢመስልም ወደ ብሮንኮስኮፒ ይላካል።